ረባዳው ላይ የገዛነው ቤት

ደብረ ማርቆስ ለአሥራ አንድ ዓመት ታሪክ ሳስተምር፣ በየዓመቱ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም መስመር በጠመኔ አሰምር ነበር። መስመሩ አባይ ነው። ግራና ቀኙን በትንንሽ ጭረት እሞላዋለሁ፤ እሱ እርሻ ነው። ከእርሻው መሀል እዚህም እዚያም ጉብታ እስላለሁ፤ ጉብታው ላይ ቤት። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞር ብዬ እጠይቃለሁ፦ «የጥንት ግብፆች ይህን ሁሉ ለጥ ያለ መሬት ትተው ጉብታ ላይ ምን አጨናነቃቸው?» የሚመልስ አይጠፋም። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ዝቅ ያለውን ሁሉ ስለሚያለብሰው ነው። ዝቅ ያለው የውሃው፣ ከፍ ያለው የሰው። ከተማ የሚቆረቁረው ንጉሡ ይምሰል እንጂ ቦታውን የሚመርጠው ወንዙ ነው እላቸው ነበር። ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ ሳላወጣ ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ይህን ያስተማርኩ ሰው አትላንታ መጥቼ የጎርፍ መተኛ ላይ ቤት ገዛሁ።

ከኦሎምፒኩ በኋላ ባለው ዓመት፣ በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ ኮሌጅ ፓርክ ከኤርፖርቱ ወደ ሆቴሎቹ ሻትል እነዳ ነበር። ሚስቴ ከሆቴሎቹ ባንዱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ከአንድ ልጃችን ጋር ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ስድስት ዓመት ተቀምጠናል። ቤቱን ያሳየችን አሻሻጭ፣ ሪልተሯ፣ ወደ ጓሮ ይዛን ወጣች። ለምለም ሣር ነው፤ ከሣሩ ማዶ በአንድ እርምጃ የምሻገራት ጅረት አለች። «በዚህ በኩል ማንም መቼም ቤት አይሠራባችሁም» አለችን። እውነቷን ነበር።

ቤቱን በተረከብንበት በክሎዚንጉ ቀን የፈረምኩት ወረቀት ውፍረቱ የስልክ ማውጫ ያህላል። ከመሀሉ አንዱ ስለ ፍለድ ዞን፣ ስለ ጎርፍ ክልል፣ የሚል ነበር። ቃሉ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ግን የኖኅ ዘመን ዓይነት ነገር እንጂ ያቺን ጅረት የሚመለከት አልመሰለኝም። ፈረምኩና ቁልፉን ተቀበልኩ።

በዓመቱ አማቴ ከአገር ቤት መጡ። ለሦስት ወር ተብሎ የመጡት እዚያው ቀሩ። በመጡ በሳምንታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን ሲቃኙ ቆዩና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ እነዚያ እላይ ያሉት ቤቶች የድሮ ናቸው?»

«አዎ እማማ፣ የቆዩ ናቸው።»

«እነዚህ እታች ያሉትስ?»

«አዲሶች ናቸው።»

«የድሮዎቹ ሰዎች ታዲያ ይህን የመሰለ ሜዳ ምን ሆነው ተዉት?»

ሳቅኩ። «እዚህ አገር እኮ ኢንጂነር ሳያየው ቤት አይሠራም፣ እማማ።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉኝ። የጠየቁኝ የራሴን የፈተና ጥያቄ እንደነበር የዚያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ውሃው መጀመሪያ የመጣው በመጋቢት ነው። ድምፅ አልነበረውም። ጠዋት ወደ ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ወዳለው ክፍል፣ ስወርድ ውሃ የጠጣው ምንጣፍ ከእግሬ ሥር ጢቅ አለ። የልጃችን አልጋና መጻሕፍት እዚያ ነበሩ። አደረቅን፣ ቀለም ቀባን፣ ሌላ ምንጣፍ አነጠፍን። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ መጣ። ያን ጊዜ ልጅቷን ወደ ሳሎን ሶፋ አወጣናትና ቤቱን ለመሸጥ ጓሮውን አጭደን ምልክት ተከልን።

ገዢዎች መጡ። ልጆቻቸው ሣሩ ላይ ይሯሯጣሉ፣ ሴቶቹ ኩሽናውን ይወዱታል። ከዚያ ያቺን የጎርፍ ክልል ወረቀት ያነቡና አይደውሉም። አንዱ ሰውዬ ብቻ ጨዋ ነበር፤ ደጅ ድረስ ሸኘሁት። «አንተ ብትሆን ይህን ቤት ትገዛዋለህ?» አለኝ። «አንዴ ገዝቼዋለሁ» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ምልክቱን በዚያው ሳምንት ነቀልኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ክፍት የነበረው የአየር ጠባይ ቻናል ነው። የአጥሩ ቋሚ ላይ በቀይ ቀለም ሦስት መስመር አሰመርኩ፤ ጅረቷ የመጀመሪያውን ስትነካ ዕቃ ማንሳት፣ ሁለተኛውን ስትነካ መኪና ወደ ላይኛው መንገድ መውሰድ፣ ሦስተኛውን ስትነካ ቤቱን ለቅቆ መውጣት። ግብፆች የወንዛቸውን ከፍታ የሚለኩባቸው የድንጋይ ደረጃዎች ነበሯቸው፤ እኔ ያንን በቋሚ እንጨት ማድረጌ ነው። የሚስቴ የወንድም ልጅ ዋሽንግተን ሲያገባ አልሄድንም፤ ቅዳሜና እሑድ ዝናብ ተብሎ ነበር። ሥራ ላይ ስሆን ደግሞ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት፣ ያንኑ ክብ እየዞርኩ መስታወቱ ላይ ጠብ ሲል ሬዲዮውን ወደ አየር ትንበያው አዞራለሁ። መንገደኛው ከኋላዬ ስለ በረራው ያወራል፤ እኔ ስለ ቤዝመንቴ አስባለሁ። ሰው ቤት ሲኖረው ያርፋል ይሉ ነበር። እኔ ቤት ከያዝኩ ወዲህ ነው የታሰርኩት። ትቼው እንዳልሄድ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ተቀምጬበት እንዳልኖር ሰማይ አያስቀምጠኝም።

ልጃችን ኬኔሶ ኮሌጅ ገባችና እዚያው ጓደኞቿ ጋ መኖር ጀመረች። አንድ እሑድ ቴፕ ሪከርደር ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ለክላስ ፔፐር አለብኝ። ላይክ፣ ወንዝ የጥንት ከተማን እንዴት ፕላን እንዳደረገው። ኢጂፕትን ነው የመረጥኩት። ኢንተርቪው ላድርግህ?»

ደስታዬን አልደብቅም። ከክፍል ከወጣሁ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ያንን መስመር አሰመርኩላት። ቤቱን የሚሠሩት ከደለል ጡብ እንደሆነ፣ ደለሉም ከእኛ ደጋ ታጥቦ የወረደ አፈር እንደሆነ ነገርኳት። ቤቱ ሲያረጅ ፍራሹን ደልድለው እላዩ ላይ ሌላ ስለሚሠሩ፣ ጉብታው በየትውልዱ ከፍ ይላል። ዋናው መንገዳቸው ወንዙ ስለሆነ ከተሞቹ ዳር ዳሩን ይዘው ተደርድረዋል። ሙታናቸውን ውሃ የማይደርስበት የበረሃው ጠርዝ ላይ ይቀብራሉ። ከዚያ የምወደውን ነገርኳት፤ ባሕሩ አጠገብ፣ ወንዙ ብዙ እጅ ሆኖ በሚከፋፈልበት አገር ላይ ንጉሥ ያሠራት ትልቅ ከተማ ነበረች። ከተማዋ የቆመችበት እጅ በደለል ተደፍኖ ደረቀ። ያኔ ሐውልቱንም የቤተ መቅደሱንም ድንጋይ እየነቀሉ፣ ውሃ ወዳለበት ወደ ሌላው እጅ አጋዙት።

«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የምንለው እኛ ነን» አልኳት። «እነሱ ጋ ሲደርስ ይዞት የሚዞረው ከተማ ነው።»

«ሰዎቹስ?» አለች።

«ሰዎቹም ሄዱ።»

«ሁሉም?»

«መሄድ የቻለ።»

ጻፍ ጻፍ አደረገችና ቀና አለች። «አባዬ፣ ኖ ኦፌንስ፣ ግን ይህን ሁሉ እያወቅክ ለምንድን ነው እዚህ የገዛኸው?»

ሳህን ታጥብ የነበረችው ሚስቴ ቧንቧውን ዘጋች። ቴፑ ይዞራል። አማቴ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ወሬ ባይከተሉም የዚህኛው ጥያቄ ፍሬ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ዝጊው» አልኳትና ወደ ጓሮ ወጣሁ። የመኪናዋን ድምፅ እስክሰማ እዚያው ቆምኩ። ያን መኸር ከልጄ ጋር ስንደዋወል የምናወራው ስለ መኪናዋ ዘይት ነበር።

በተከታዩ ዓመት መስከረም ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ማዕበል ርዝራዡን እኛ ላይ ጣለው። ማክሰኞ ነው፣ የእኔ ዕረፍት። ሚስቴ ገና ሳይነጋ ሥራ ገብታለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጅረቷ የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ነካች። ቤዝመንት ያለውን ላወጣጣ ወርጄ ስመለስ ሁለተኛው ጠፍቷል። አማቴን መኪና ውስጥ ላስገባ ወደ ደጅ ወጣሁ። የሰፈራችን መግቢያም መውጫም አንድ መንገድ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመታጠፊያው ላይ ቡናማ ውሃ ተኝቶበታል። የጎረቤቴ የቆሻሻ በርሜል ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደ ሰው፣ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ውሃው ግን በበሩ ሥር ተከትሎኝ ገባ።

አማቴ ጉልበታቸው ደረጃ አይወጣም፤ ከመጡ ጀምሮ ፎቁን አይተውት አያውቁም። ጎንበስ አልኩላቸው።

«ልዘልዎት፣ እማማ።»

«ተወኝ። እዚሁ ወንበሩ ላይ እወጣለሁ።»

«ውሃው ወንበሩንም ይወስደዋል።»

«አማት በአማቿ ታዝላ ያየህበት አገር የት ነው?»

«እዚህ ማን ያየናል ብለው ነው?»

«እግዜር!» አሉ። ግን ውሃው ጫማቸው ውስጥ ሲገባ አንገቴን ያዙ። ቅልል ያሉ ነበሩ። ደረጃውን ስንወጣ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይላሉ፤ እኔን ይሁን ፈጣሪን አላውቅም።

እኔና ሚስቴ በምንተኛበት ክፍል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። የልጃቸውን መኝታ ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከታች ዕቃ መጋጨት ጀመረ። ፍሪጁ ሲወድቅ ቤቱ ነዘረ። 911 ደውዬ አድራሻ ሰጠሁ፤ ጠብቁ አሉኝ። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በየጊዜው ወደ ደረጃው ሄጄ ያልተሸፈነውን እቆጥራለሁ። ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት። ሰባት ላይ ቆመ። አማቴ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይላሉ።

ልጄ ከኬኔሶ ደወለች። ታለቅሳለች። ደህና መሆናችንን ነገርኳት፣ ከዚያ ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ «የዚያን ቀን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ» አልኳት።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ? አሁን?»

«አሁን ነው የገባኝ። ስገዛው መሬቱን አላየሁትም። ያየሁት ቁልፉን ነው። ከአገር ከወጣሁ ጀምሮ፣ ካርቱምም እዚህም፣ የምገባው በሰው በር ነው። የራስህ በር ነው ብለው ሲሰጡህ ከበሩ ውጭ ያለውን አታይም። ግብፆቹ መሬታቸውን ሺህ ዓመት አይተውታል። እኔ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው ያየሁት።»

የትንፋሿ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «ኦኬ፣ አባዬ» አለች በቀስታ። «አሁን ዝጋው። ባትሪህን ሴቭ አድርግ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀልባ መስኮታችን ሥር ደረሱ። አማቴ ነጠላዬን አስተካክዬ ሳልለብስ አልወጣም አሉ። ወጣቱ ሠራተኛ መሰላሉ ላይ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። ቋንቋ ሳይግባቡ «ቀስ፣ የኔ ልጅ፣ ቀስ» እያሉት ወረዱ። ጀልባው በጓሮአችን፣ በአጥሩም ላይ አለፈ። እላይ፣ የድሮዎቹ ቤቶች ደጃፍ፣ ሰዎች ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ያዩን ነበር። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ተከራየን። ማንም የማይኖርበትን ቤት የባንክ ዕዳ፣ ሞርጌጁን፣ እየከፈልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ሲል ከአካባቢው አስተዳደር ደብዳቤ መጣ። ረባዳው ላይ ያሉትን ቤቶች ገዝቶ ሊያፈርስ፣ ቦታውንም ክፍት አድርጎ ሊተወው ነው። ልጄ ደብዳቤውን እየተረጎመች ስታነብልን መሀል ላይ አቆመችና አየችኝ፤ ከዚያ ንባቧን ቀጠለች። ያን ፔፐር ስንት እንዳገኘችበትም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። በዚያው ሳምንት ፈረምን።

የፈረሰ ዕለት ሚስቴ አልመጣም አለች። እኔ ፈረቃዬ ከመግባቱ በፊት ሻትሉን እላይኛው መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ አየሁ። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። የማፍረሻው ማሽን ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ጨረሰው። የእኛን መኝታ ክፍል ግድግዳ፣ ሚስቴ የመረጠችውን ሰማያዊ ቀለም፣ ለጥቂት ደቂቃ ሜዳ ላይ አየሁት። ከዚያ የሚጠብቁኝ መንገደኞች ነበሩና ሄድኩ።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። አሁን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት እናያለን። ሪልተሩ ሚስቴን ይዞ ወደ ኩሽና ሲገባ እኔ በጎን ዞሬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። የሣሩን አጋደል አያለሁ፤ የግድግዳውን ግርጌ በጣቴ እፈትሻለሁ፤ ጎረቤቶቹ ቤት የሠሩት ከፍ ብለው ነው ዝቅ ብለው ብዬ እለካለሁ። ሁሌም አንድ ነገር አገኛለሁ። አንዱ ቁልቁለት አለው፣ ሌላው ከመንገዱ ዝቅ ይላል፣ አንዱ ምንም የለውም፤ ምንም የሌለውን ደግሞ አላምነውም። ሚስቴ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አስራ ትጠብቀኛለች።

«አንተ የምትፈልገው እኮ ዝናብ የማይዘንብበት አገር ነው» አለችኝ ባለፈው።

ሞተሩን አስነስቼ ወደ አፓርታማችን ነዳሁ። ቤት ማየት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። እስካሁን አልገዛንም።