ተመራማሪዋን ያሳሳትኩበት ሐረግ

ይህ የሆነው ከሚሌኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እዚሁ ሚዛን ተፈሪ ነው። እስካሁን የማልረሳው፣ ማንም አታልሎኝ የማያውቀው እኔ በገዛ ተንኮሌ ስለተያዝኩ ነው።

ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደልን ራሴ ለራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቅጠልንም እንዲሁ። ለእባጭ የሚሆን ቅጠል በማወቅ በአካባቢው የሚስተካከለኝ የለም፤ ካለም እኔ አላየሁትም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጣች። የካንሰር መድኃኒት ይገኝባቸው እንደሆነ የሚመረመሩ ዕፅዋት ታሰባስባለች። «አባባ፣ የእባጩን ቅጠል ያሳዩኝ» አለችኝ።

እኛ መድኃኒት አዋቂዎች ዋናውን ለማንም አናሳይም። ከተነገረ ኃይሉን ያጣል እንላለን። ለጠያቂ የምንሰጠው ማሳሳቻ ግን አለን። ከሽንት ቤቴ ጀርባ የበቀለውን ሐረግ ቀጠፍኩና «ሦስት ሰዓት ተጉዤ፣ ከሸዋ ቤንች በኩል ካለው ጫካ ያመጣሁት ነው» ብዬ ሰጠኋት። አመስግና ሄደች። እኔም ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

በዓመቱ ተመልሳ መጣች። ፊቷ በርቷል።

«አባባ፣ ቅጠልዎ ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን ገደለ!»

ደነገጥኩ፤ ግን አላሳየሁም። «ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነበር?» አልኳት።

«ለበሽተኛ እስኪደርስ ገና ብዙ ይቀረዋል። አሁን የበቀለበትን ቦታ አይቼ መመዝገብ አለብኝ። ያለዚያ የዓመት ልፋቴ ውድቅ ይሆናል። ይምሩኝ።»

እውነቱን ብናገር ስሜ ይጠፋል። ዝም ብል የልጅቱ ልፋት ገደል ይገባል። እያሰብኩ፣ በጭቃው፣ በቡናው መሀል ሳዞራት ቆየሁ። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ በጓሮዬ በኩል ይዣት ብቅ አልኩ።

ዙሪያውን ቃኘች። «አባባ፣ ያ የእርስዎ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ይሄስ ሽንት ቤት?»

«እሱም የእኔ ነው። ሐረጉ ያው ከጀርባው።»

«ሦስት ሰዓት ያሉኝስ?»

«ሦስት ሰዓት አልተጓዝንም?»

ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ እስኪያስነባት ሳቀች። ያኔ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ደብተሯን አውጥታ «ከሽንት ቤት ጀርባ» ብላ ስትጽፍ አየሁ። ማንበብ በመቻሌ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እባክሽ ስሜን ተይው» አልኳት።

«አይቻልም አባባ፤ ያሳየኝ ሰው ስም መጻፍ አለበት።»

ለጥቂት ቀናት ከቤት አልወጣሁም። አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል። ስንት የተማረ ሰው ስሜን ከነሽንት ቤቴ አንብቦት ይሆናል! ሐረጉ መድኃኒት ይሁን አይሁን እስካሁን አልታወቀም። እኔ ግን ታውቄያለሁ።