የዶሮ ቤቴን ላስቲክ የምትቀደው ሴትዮ

ይሄ የሆነው አምና ነው፤ ለገና አሥር ቀን ገደማ ሲቀረው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ስኖር ብዙ ሰው አናዶኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይችን ሴትዮ ግን አልረሳትም። ከሰው ጋር ተጣልቼ በግልጽ የተሸነፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በዶሮ።

እኔ ደግሞ ዶሮ አውቃለሁ። ኖርዝላንድ ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምሸጥባትን ትንሽ ሱቅ ከመክፈቴ ከስንት ዓመት በፊት፣ በልጅነቴ ሾላ ገበያ የበዓል ዶሮ እየቸረቸርኩ ነው ያደግኩት። ዶሮ አንጠልጥዬ ክብደቱን እናገራለሁ። ላባውን እፍ ብዬ ስቡን አያለሁ። ስለዚህ ቤቴ ጓሮ ዘጠኝ ሴት ዶሮና አንድ አውራ ሳስቀምጥ የማንንም ምክር አልጠየቅኩም።

አውራውን ለገና ለእትዬ በላይነሽ ቃል ገብቼላቸው ነበር። እትዬ በላይነሽ በዚህ ሰፈር ሀበሻ ሁሉ የሚሰማቸው ሴት ናቸው። "ዘንድሮስ ከፍሪጅ የወጣ ዶሮ አልሠራም፤ በቁሙ ያየሁትን ነው" ብለው መርጠውታል። ቀይ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ደግሞ ዘውድ የጫነ ያስመስለዋል። እሳቸው ካመሰገኑኝ ለእኔ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገኝም። አውራው አንድ ነገር ከሆነ ግን ስሜ አብሮት እንደሚቀበር አውቃለሁ።

አጥሩ ማዶ ዶና የምትባል አሮጊት ፈረንጅ ብቻዋን ትኖራለች። ገበሬ ቤት ነው ያደገችው። ይሄን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ዶሮዎቹን ባመጣሁ ቀን፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ። "ይሄ የዶሮ ቤት አይደለም፣ የጫማ ካርቶን ነው" አለችኝ። በሳምንቱ አውራው ይጮሃል ብላ ሪፖርት አደረገችኝ። ከከተማው አስተዳደር የመጣው ሰውዬ ሴቶቹን ቆጠረ፤ ወረቀታቸው የተሟላ ነበር። አውራ ማርባት ግን ስለማይፈቀድ፣ አውራው በዚያ ሰዓት ቫን መኪናዬ ውስጥ በበርበሬ ጆንያዎች መሃል ተቀምጦ ነበር። ሦስት ቀን ሲያስነጥሰው ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ እኔና ዶና አንነጋገርም።

የዚያ ሳምንት ብርድ ሌላ ነበር። የመኪናዬ በር በረዶ ይዞት አልከፈት ብሎ በቫኑ የኋላ በር ተሹለክልኬ የገባሁበት ሳምንት ነው። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሂተር ላስገባ ብዬ ነበር፤ ባለቤቴ ውድነሽ እሳት ያስነሳብናል ብላ ከለከለችኝ።

እኔ ያደግኩት አውቶብስ ውስጥ አንዲት መስኮት ስትከፈት ሠላሳ ሰው ባንድ አፍ "ኧረ ንፋሱን ዝጉት!" በሚልበት አገር ነው። ላብ በላብ ሆነን እንኳ አንከፍትም፤ ንፋስ ይመታላ! ስለዚህ ዶሮ ቤቱን አሸግኩት። ዙሪያውን ወፍራም ላስቲክ፣ በላዩ ፕላስተር፣ በፕላስተሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ። ጣራው ሥር የነበረችውን ክፍተት በጨርቅ ወተፍኳት። እንዲሞቃቸው ብዬ በባልዲ ትኩስ ውሃ አስገባሁላቸው።

ውድነሽ ወጥታ አየችው። "አንተ፣ መተንፈሻ ተውላቸው እንጂ!"

"ዶሮ ስንት ይተነፍሳል?" አልኳት።

ጠዋት ስወጣ ጣራው ሥር ላስቲኩ ተቀዷል። የአይጥ ሥራ አይደለም፤ በስለት የተቀደደ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ አንድ ክንድ ይሆናል። የወተፍኩት ጨርቅ መሬት ላይ ተጥሏል። በረዶው ላይ የቦቲ ጫማ ዱካ ወደ ዶና ቤት ይሄዳል። መልሼ ለጠፍኩት። በማግስቱም ያው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩሽና መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። በፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ፣ የካርቶን መቁረጫ ይዛ ብቅ አለች። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁ።

"ግቢዬ ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ዶሮዎችህን እየገደልካቸው ነው።"

"የሚገድላቸው ብርዱ ነው! ብርዱን የምታስገቢባቸው ደግሞ አንቺ!"

"ላባ ለብሰዋል፤ ብርዱን ይችሉታል። የማይችሉት እርጥበቱን ነው፣ ደደብ!"

ይችን የመጨረሻዋን ቃል አሜሪካ በገባሁ በሳምንቱ ስለተማርኳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። "ፖሊስ እጠራለሁ!" አልኳት።

"ጥራ! ስልክ ላውስህ?"

ከሁለታችንም አፍ እንፋሎት እየወጣ ተፋጠን ቆምን። ከዚያ መቁረጫዋን ኪሷ ከታ ሄደች። ፖሊስ አልጠራሁም። ፖሊስ ቢመጣ አውራው መጮሁ አይቀርም።

በምትኩ ለአጥሩ በር ቁልፍ ገዛሁ። ጣራው ሥር ደግሞ በላስቲኩ ላይ ጣውላ መታሁበት። አሁን ትቅደደው! አልኩ። ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። መኖውንና ትኩስ ውሃውን በትንሿ በር አስገብቼ ቶሎ እዘጋለሁ፤ ንፋስ እንዳይገባ።

በሦስተኛው ጠዋት አውራው አልጮኸም።

ትልቁን በር ስከፍተው ሽታው ዓይኔን አቃጠለው። ግድግዳው በውስጥ በኩል እንደ ፍሪዘር ነጭ በረዶ ጋግሯል። ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ከታች ሲደርስ በረዶ ይሆናል። የዶሮዎቹ ላባ ረጥቦ ገላቸው ላይ ተለጥፏል። ከሴቶቹ ዶሮዎች ሁለቱ ሞተዋል። አውራው ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል፤ ያ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፍ ጫፉ ከሰል ሆኗል።

ንፋስ አልገባም። የገደላቸው የገዛ ትንፋሻቸውና የእኔ ትኩስ ውሃ ነው፤ መውጫ አሳጥቻቸው።

ጣውላውን ነቀልኩት። የካርቶን መቁረጫዬን አመጣሁና ላስቲኩን ራሴ ቀደድኩት፤ እሷ በቀደደችበት ቦታ፣ እሷ በቀደደችው ልክ። ዞር ስል ዶና መስኮቷ ላይ ቆማለች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አልሳቀችም። ትንሽ ቆይታ ወጣችና በአጥሩ ላይ አንድ ብልቃጥ ቫዝሊን ወረወረችልኝ። ትከሻዬን አገኘችኝ፤ ኢላማዋን ስታ አይመስለኝም።

"አናቱን ቀባው" አለች። "ለሱ ነው። ላንተ አይደለም።"

"እኔም አላመሰግንሽም" አልኳት፤ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ለማለት አቅም አጣሁ።

እትዬ በላይነሽ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው መጡ። አውራውን አንጠልጥለው መዘኑት። ላባውን እፍ አሉት፤ ደህና። ከዚያ አናቱን አዩ።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?"

"ትንሽ ብርድ ነክቶት ነው፣ እትዬ። ሥጋው ምንም አልሆነም።"

"ጉድ እኮ ነው! ለገና በሽተኛ ዶሮ ልረድ?" እጄ ላይ መለሱልኝ። "አንተ ልጅ፣ ዶሮ አውቃለሁ ስትለኝ አልነበር እንዴ?"

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አንዱ ከሩቅ "ዶክተር ዶሮ!" ብሎ ጠራኝ። የሳቁት ብዙ ነበሩ።

አውራው በዚሁ ተረፈ። የጠቆረው ጫፍ ረግፎ አናቱ ጥርሱ የተሰበረ ማበጠሪያ መስሏል። በየጠዋቱ ወደ ዶና መኝታ ቤት ዞሮ ይጮሃል፤ እኔ አላስተማርኩትም። እሷም ዳግመኛ ሪፖርት አላደረገችንም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለቱ ዶሮዎች ግን የሞቱት በእኔ እጅ ነው፤ እሱን በማንም አላሳብብም።

ዘንድሮ ብርዱ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ዶሮ ቤቱን ላስቲክ አለበስኩት፤ ጣራው ሥር ግን በዶና መስኮት በኩል አንድ ክንድ ክፍት ተውኩ፤ እንድታየው። የአጥሩን በር ቁልፍም ካነሳሁት ቆይቷል። ይቅርታ ከተባለ ይቅርታዬ ይሄው ነው፤ ዶና ከዚህ በላይ ከእኔ አትጠብቅ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ ክፍተቱ በአንድ ስንዝር ሰፍቷል። በስለት፣ ቀጥ ብሎ። ዱካው ወደ ቤቷ ይሄዳል።

ደሜ ፈላ። ፕላስተሩን ይዤ ተመለስኩ። ከመለጠፌ በፊት እጄን አስገብቼ ግድግዳውን ዳበስኩት።

ደረቅ ነው።

ፕላስተሩን ኪሴ ከተትኩት። ዶና መስኮቷ ላይ ነበረች። ሰላም አላልኳትም፤ እሷም አላለችኝም።