ያጠበቡብኝ ኮት

በ2014 ዓ.ም. የሰባ ዓመት ሰው ነበርኩ። ለሴት ልጄ ኒካህ ያስቀመጥኩትን ሰፊ ኮቴን ወንዱ ልጄ ሳይጠይቀኝ ሸዋ ሮቢት ወስዶ አስጠበበው።

«አባዬ፣ የዘንድሮ ፋሽን እኮ ነው!» አለኝ።

በኒካሁ ቀን ለዙህር ውዱእ ላደርግ እጅጌዬን ብሰበስበው ከክርኔ በታች ተወጥሮ ቀረ። እንግዳ ሁሉ እያየኝ ኮቴን አውልቄ ታጠብኩ።

የሙሽራው አጎት፣ «ጋሼ፣ እንደገና ጎረመሱ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ያገለገለኝ ኮት ነው! ፋሽን የሚሉት ግን አንድ የማሽላ አዝመራ እንኳ አይሻገርም።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። «የቆረጥከውን ጨርቅ አምጣ» ስለው፣ ለካ ጥሎታል። ከቀይ ሽርጤ አስቀድጄ በእጅጌውና በብብቱ አስጨመርኩበት። ቀዩ ይታያል፤ ይታይ!