ጣት ቆጣሪው

አልጋ ያዘዘችው ሙሽራ ሰጋቱራ የለበሰ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አናጢውን ትመለከታለች። መጋዙ ጨርቅ እንዳይዝበት የሸሚዙን እጅጌ ራሱ ከክርኑ በላይ ቆርጦታል። አንድ ጣውላ በሰነጠቀ ቁጥር ማሽኑን ያጠፋና ሁለት እጆቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጣቶቹን ይቆጥራል። ስምንት ናቸው፤ ከግራው ሁለቱ የሉም።

«ጋሼ፣ ደግሞ ማን ይሰርቀኛል ብለው ነው?» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የዚያን ቀንም እኮ አላመመኝም፣ ልጄ» አላት። «መቆረጤን ያወቅሁት እጄን ሳይ ነው።»

ማሽኑ እንደገና ጮኸ። ሙሽራዋ ሳይታወቃት የቀለበት ጣቷን ጨምድዳ ያዘች። ጸጥ ሲል አብራው ቆጠረች፤ ስምንት እስኪደርስ አልተነፈሰችም።