በሲሚንቶ የተቀበረው ደወል

ድንጋይ ሁሉ አይጮኽም። ይህን ያስተማሩኝ አጎቴ ወልደ ጻድቅ ናቸው፤ በጣና ዳር ባለችው ደብራችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ደዋይ ነበሩ። ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ ለወፍጮ ይሆናል፣ ድምፅን ግን ይውጣል፤ የኖራ ድንጋይም ሲመቱት ይፈረፈራል። የእኛ ደወል ግን ቀዳዳም ስንጥቅም የሌለበት፣ ረጅምና ጠፍጣፋ ድፍን ድንጋይ ነበር። ከግቢው ወይራ ላይ በጠፍር ተንጠልጥሎ አጎቴ በጠጠር ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል፤ ሐይቁ ላይ ያሉ ታንኳ ቀዛፊዎች ሰምተው ያማትቡ ነበር።

ኋላ የደብሩ ኮሚቴ ድምፅ ማጉያ ገዛ። ደወሉንም «ቅርስ ነው፣ ክብር ይገባዋል» ብሎ ከዛፉ አወረደና ግማሹን በሲሚንቶ ቀብሮ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ አቆመው። ክብር አሉት ይህን! ከሥሩ የኮሚቴውን አባላት ስም በእብነ በረድ አስቀረጹ፤ የአጎቴ ስም የለበትም።

በምረቃው ዕለት አጎቴን አዲስ ጋቢ አልብሰው ከባሕር ዳር ከመጡት እንግዶች ጋር ከፊት አስቀመጧቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠጠር አቀበላቸውና፣

«አባታችን፣ እስቲ አንዴ ይደውሉልን» አላቸው።

«ልጄ፣ ድንጋዩ ካልተንጠለጠለ እኮ አይጮኽም።»

«ግድ የለም፣ ለቪዲዮው ነው።»

አጎቴ ተነሥተው መቱት። እንደ በሰበሰ ግንድ ድም ብሎ ቀረ።

«ሰማችሁ? ድምፁ ዛሬም እንደ ጥንቱ ነው!» አለ ሰብሳቢው በድምፅ ማጉያው።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሐይቁ ድረስ ተሰማ።