አባባን አክራን ያስጎበኘሁበት ቀን

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ የጋናውያን ሱቅ ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ፣ የተጨሰ ዓሣ ሽታ በመስኮቱ ገብቶ አያቴን፣ አባባን፣ አስታወሰኝ።

አባቴ አክራ ይሠራ በነበረበት ጊዜ አያቴ ከደሴ ሊጠይቁን መጡ። የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ከተማውን እንዳስጎበኛቸው ላከችኝ፤ እኔ ግን ጓደኞቼ መዋኛ ቦታ እየጠበቁኝ ስለነበር ልቤ እዚያ ነበር።

በታክሲ በነጻነት አደባባዩ ትልቅ ቅስት በኩል አልፈን ባሕሩ ዳር፣ ከአሮጌው የመርከብ መብራት ማማ ሥር ወረድን። አባባ ክንዴን ያዝ አድርገው፣

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ይታያል?» አሉኝ።

ከፊታችን ቀይና አረንጓዴ የተቀቡ ጀልባዎች ተደርድረዋል። ዓሣ አጥማጆች እየዘፈኑ መረብ ይጎትታሉ፤ ሴቶች ዓሣ የሞላበትን ሰፌድ የሚያህል ሳህን በራሳቸው ተሸክመው ይጣደፋሉ።

«ምንም የለም አባባ፣ ውሃ ብቻ ነው። እንሂድ» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ወደ ዘፈኑ አቅንተው ትንሽ ቆዩ።

«የሰው ድምፅ የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ይሁን፣ አንቺ ካልሽ።»

በዚያው ዓመት ደሴ አረፉ።

ዛሬ ከመኪናው ሳልወርድ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ለምትኖረው እናቴ ኮል አደረግኩላትና መዋሸቴን ነገርኳት።

«ደሴ ሲመለሱ ጎረቤት ሁሉ ስለ አክራ ይጠይቃቸው ነበር» አለችኝ። «‹የልጅ ልጄ አንድም ሳታስቀር አሳይታኛለች› ነበር መልሳቸው።»