ወሰኔ ከይለፍ ቃሉ በላይ የጻፈው ግዝት

ዘመሮ ገበያ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ወሰኔ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዜማው አልሰምርለት ብሎ ትምህርቱን ቢተውም እጅ ጽሕፈቱ እስከ ዛሬ የብራና ጸሐፊ ጽሕፈት ነው። ኮምፒዩተር ማዘዝን ያስተማረው የለም፤ ከተውሶ መጽሐፍና ከስልኩ ነው የለቀመው። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ያነበብኩትን መጽሐፍ ሁሉ ተቀብሎኝ ያነባል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

ሁለት ዓመት ሙሉ የደብራችንን የብራና መጻሕፍት ገጽ በገጽ ፎቶ አነሣ። ከመካከላቸው አንዱ ድጓ ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት ረጥቦ ቀለሙ ለቋል፤ ዛሬ ሙሉውን ማንበብ የሚቻለው ከወሰኔ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ፎቶዎቹን አዲስ አበባ ወዳለ፣ ሰርቨር ወደሚባል ማከማቻ ኮምፒዩተር የሚልክለት ስክሪፕት ጻፈ፤ ኮምፒዩተሩ በየማለዳው ራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ማለት ነው። የሰርቨሩን የይለፍ ቃልም እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ በግልጽ አስቀመጠው።

ባለፈው ጥቅምት የራቤል ከተማ ካህናት «እኛም የእናንተን ያህል እንሥራ» ብለው ስክሪፕቱን ጠየቁት። ደስ ብሎት ስልሳ ሰው ባለበት የቴሌግራም ቡድን ላይ እንዳለ ለቀቀው። ወዲያው ኮከቤ ደወለች፤ የከተማችን የኮምፒዩተር መምህርት ናት።

«ጋሼ ወሰኔ፣ የይለፍ ቃሉን እኮ አብረው ላኩት! አንዱ ገብቶ ሁሉንም ቢያጠፋውስ?»

«ኧረ አያጠፋም። ከላዩ ግዝት አለበት።»

«ምን አለበት?»

«አላየሽውም? ‹ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን› ብያለሁ። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን።»

የብራና መጽሐፍ ያለ ግዝት አይዘጋም፤ ወሰኔም የተማረውን ነው ያደረገው። ኮከቤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አይ ጋሼ! ማስታወሻ አድርገው እኮ ነው የጻፉት፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ዘሎት ነው የሚያልፈው!»

ወሰኔ አልሳቀም። የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ ቡድኑ ላይ የለቀቀውንም አጠፋ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የድጓውን ፎቶ ከፍቶ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ተመለከተ። አንድም አልጎደለም። ተነሥቶ አማተበ።

በማግሥቱ ለቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ ነገራቸው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ድጓውን ስትፈልግ ቁልፉን ሰጥቼህ አውቃለሁ?» አሉት።

«የለም አባ። እርስዎ ገብተው ያወጡልኛል።»

«እንግዲያ የአንተም እንዲያ ይሁና!»

ለካ ኮከቤ የምትለውም ይህንኑ ኖሯል። ምስጢርን መስጥሮ የሚቆልፍ፣ ሲ በሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ተጽፎ ወደ ማሽን ቋንቋ የተለወጠ፣ ላይብረሪ የሚሉትን ዝግጁ ፕሮግራም አሳየችው፤ የወሰኔ ስክሪፕት በሌላ ቋንቋ ስለተጻፈ ሁለቱን የሚያነጋግር ማገናኛም አለው። ማገናኛው አልገጥም ብሎ ስምንት ቀን ፈጀበት። «ከዜማው ባሰ» ይለኝ ነበር እየሳቀ። በዘጠነኛው ቀን ገጠመ።

አሁን ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው «ቃሉን አምጣልኝ» የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። ላይብረሪው የተቆለፈውን ፋይል ከፍቶ ያቀብለዋል። ፋይሉ የሚከፈተው ደግሞ ወሰኔ በየማለዳው ከኪዳን ጸሎት መልስ በቃሉ በሚጽፈው መክፈቻ ነው። ለራቤልም የላከው ይህንኑ ነው፤ የራሳቸውን ምስጢር ራሳቸው ቆልፈዋል።

ቄሰ ገበዝ ወሰኔ በወረቀት አትሞ ያመጣላቸውን አዲሱን ስክሪፕት መነጽራቸውን አድርገው ፈተሹት፤ የይለፍ ቃል አላገኙበትም።

«ደግ። አንተ የታመምክ ቀንስ?»

ወሰኔ መክፈቻውን ጽፎ ያሸገበትን ፖስታ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። «ዕቃ ቤት ያስቀምጡልኝ።»

ፖስታውን አገላብጠው አዩት።

«ግዝቱስ?»

«አባ፣ ኮከቤ ግዝት አይሠራም ብላኝ...»

«ለማሽኑ ነው ያለችህ። እዚህ የሚገባው ሰው ነው። በል ጻፍ!»

ጻፈ፤ በዚያ በሚያምረው እጁ፣ በቀይ ቀለም።